ድንጋይ ያላስቀመጠው

በ1981 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ውስጥ አንድ ማሽን በሦስት ወር ሰባት ጊዜ ሞቶ ሰባት ጊዜ ተነሣ። ሰባቱንም ጊዜ ገዳይ የተባለው አንድ ሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ ማሽኑን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ማሽኑ ከምሥራቅ ጀርመን በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር ነበር። በመልእክት ማዕከሉ ውስጥ ምንጣፍ የተነጠፈለት ብቸኛ ፍጡር እሱ ነው፤ ኃላፊው ኃይለየሱስ እንኳ እግሩን የሚያሳርፈው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነበር። የማሽኑ ሥራ ከሚኤሶ፣ ከአሰቦት፣ ከሂርናና ከገለምሶ በቴሌፕሪንተር የሚላከውን መልእክት ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ ማሳለፍ ነው። አብሮት የመጣው ፕሮግራም ግን አራት ከተማ ባንድ ጊዜ ሲያናግረው ግራ ይጋባ ስለነበር፣ አዲስ አስኳል የጻፈችለት መይሙና ናት። አስኳል የምትለው ውስጠኛውን ፕሮግራም ነው፤ የትኛው ሥራ አሁን ይቀጥል፣ የትኛው ይቆይ ብሎ የሚወስነውን፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ ደጅ የሚጠኑትን።

መይሙና እዚያው አሰበ ተፈሪ ተወልዳ፣ ምሥራቅ ጀርመን አምስት ዓመት ተምራ የተመለሰች የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። እልኸኛ ናት ይሏታል። እውነት ነው። እልኸኛ ባትሆን ኖሮ፣ ጭንቅላቱ ስልሳ አራት ኪሎባይት ብቻ ከሚይዝ ማሽን ጋር ተሟግታ አራት ከተማ አታሸክመውም ነበር።

የማሽኑ ሞት እንዲህ ነው። ሥራ ላይ እያለ ድንገት ድርቅ ይላል። መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ እሱ ግን አይሰማም አይናገርም። ያኔ ሁሉም ወደ ማተሚያው ወረቀት ይሮጣል፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው የመጨረሻ መልእክት ሰባቱንም ጊዜ የሚኤሶ ነበር። በሰባተኛው ቀን ኃይለየሱስ የሚኤሶን ገመድ በገዛ እጁ ከማሽኑ ነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ወረወረውና ለበላይ አካል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ውስጥ አሻጥር የሚል ቃል ነበረበት። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከስሙ ጎን የተጻፈበት ሰው፣ ስንቅ የሚቀበልበትን በር ለቤተሰቡ አስቀድሞ ቢያሳይ ይሻለው ነበር።

ስማቸው የተጻፈው ጋሽ ጂብሪል ናቸው፤ የሚኤሶ ቴሌፕሪንተር ሠራተኛ፣ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ከሥራ ያልቀሩ። ታገዱ። ጉዳያቸውን የሚያየው አጣሪ ኮሚቴም ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠረ። ሚኤሶ ደግሞ ዝናብ ሁለት ወቅት ቀርቶበት ሳለ መስመሩም ተቆረጠበት። የእህል ጥያቄ በሹፌር እጅ፣ በቁራጭ ወረቀት መምጣት ጀመረ፤ ግማሹ ይደርሳል፣ ግማሹ የሹፌር ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ጋሽ ጂብሪል በታገዱ ማግስት በጭነት መኪና ወደ አሰበ ተፈሪ ወጡ። ኃይለየሱስ አላስገባቸውም። መይሙና ግን ከማዕከሉ አጥር ውጭ አገኘቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የመኪናውን አቧራ ከጉልበታቸው ላይ እያራገፉ ነበር።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ በሁለት ጣት ነው የምጽፈው። በሁለት ጣት ኮምፒዩተር ይገደላል እንዴ?»

«የእርስዎ መልእክት ምን ይዞ ነው የሚመጣው ጋሽ ጂብሪል? ከሌሎቹ በምን ይለያል?»

«ምን ይለያል! ሂርና ሁለት መስመር ልኮ ይተኛል፤ ጫት ተጫነ፣ ጫት ሄደ። እኔ ሰላምታ አለኝ፤ ሰው ሳይሳለሙ ወሬ የለም። ከዚያ ቀበሌውን በስሙ እጠራለሁ። የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ ስንት ከብት እንደ ወደቀ፣ ማን ተሰዶ ማን እንደ ቀረ። አሳጥር ይለኛል ኃላፊሽ። የትኛውን ቀበሌ ላውጣ? ወላሂ፣ ንገሪኝ፣ የትኛውን?»

 መይሙና አስኳሉን የጻፈችው ራሷ ስለሆነች፣ ጥፋቱ የራሷም ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ይህን አልደበቀቻቸውም።

«ማሽኑ ሲሞት ምን ሲሠራ እንደ ነበር የምናውቅበት መንገድ የለንም» አለቻቸው። «የምናየው የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ ነው።»

«እኛ ቆላ ከብት ሲጠፋ ዱካ ነው የምንከተለው» አሉ ጋሽ ጂብሪል። «በረቱ አጠገብ መጨረሻ ያለፈውን ሰው ይዘን አንደበድብም። ማሽናችሁ ዱካ የለውም?»

የለውም። ነገሩ ያለቀው እዚያው አጥር ሥር ነው ማለት ይቻላል። መይሙና ጋሽ ጂብሪልን ዘመዳቸው ቤት እንዲሰነብቱ ነግራ፣ ወደ ውስጥ ተመልሳ፣ ለማሽኑ ዱካ ልትሠራለት ተቀመጠች።

ያሰበችው ይህንን ነው። ከማሽኑ ጭንቅላት ሁለት ኪሎባይት ትቆርጣለች። እሱን በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት መስመር ትከፍለዋለች። የትኛውም ፕሮግራም አንድ ነገር ሲጀምርና ሲጨርስ እዚያ አጭር መስመር ይጽፋል፤ ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳደረገ። መስመሩ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይዞራል፣ የድሮውን እየደመሰሰ ይቀጥላል። ለአንድ አስከሬን የመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት እርምጃዎች ይበቁታል። ማሽኑ ደርቆ ሲነሣ ያን ቦታ እንዳይነካ ታዘዋለች፤ እሷም አውጥታ ታትመዋለች።

ኃይለየሱስ ሲሰማ ፊቱን አኮሳተረ። «ለምን አንድ መዝገብ ይሆናል? እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ይያዝ። እዚህ ቤት እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሪፖርት ነው የሚያቀርበው።»

«ስለዚህ ነዋ ማን ከማን እንደቀደመ የማይታወቀው» አለች። «ሁሉም በየቤቱ ጽፎ፣ ሁሉም ሥራዬን በሚገባ ፈጽሜአለሁ ይላል። ሁሉም አንድ መዝገብ ላይ፣ በተራው ይጻፍ።»

 ኃይለየሱስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዳውን ግን አትንኪ» አላት።

እንግዳው የሚባለው ኅዳር ውስጥ ከአዲስ አበባ በላንድክሩዘር የመጡ ሁለት ሰዎች፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ፣ በአንድ ፍሎፒ ዲስክ አምጥተው ያስገቡት ፕሮግራም ነው። ምን እንደሚሠራ ለማዕከሉ ሰዎች ማንም አልነገራቸውም፤ ማንም አልጠየቀም። የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ እየቀዳ እንደሚያስቀምጥ ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ታውቅ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር ነው። መይሙናም ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብላ ተወችው። ይህን ስሕተቷን በኋላ ስታስታውሰው፣ ከማንም በላይ የምትቆጣው በራሷ ነበር።

ዱካ መዝገቡ በመጀመሪያው ቀን አልሠራም። ችግሩ የሚጻፈው ነገር አይደለም፤ ጸሐፊው መብዛቱ ነው። የማተሚያው ፕሮግራም ባዶውን መስመር አይቶ ሊጽፍ ሲጀምር፣ የሂርና መስመር ፊደል ይልክና ያቋርጠዋል። የሂርናው ፕሮግራም ደግሞ መጥቶ ያንኑ ባዶ መስመር ያያል፣ ይጽፍበታል፣ ይሄዳል። ማተሚያው ካቆመበት ሲቀጥል በሂርና ላይ ይጽፍበታል። አንዱ ሲጽፍ ለሌላው በር ይዘጋ እንዳትል፣ በር በተዘጋ ቅጽበት ከመስመር የመጣ ፊደል ውጭ ይቀርና ይጠፋል። አርብንና ቅዳሜን ከዚህ ጋር ስትታገል ከረመች።

እሑድ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ወረደች። እህቷ ረዲያ አራስ ስለነበረች ውሃው የእሷ ተራ ነው። የቦኖ ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ስለሚመጣ፣ ሴቶቹ ገና ሲነጋ ድንጋያቸውን በተርታ አስቀምጠው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። ጀሪካን ቢተዉት እግር ያወጣል፤ ድንጋይ የሚሰርቅ ግን እስካሁን አልተወለደም። አንዷ ድንጋይ ላይ ቀይ ቀለም አለ፣ ሌላዋ ላይ በሚስማር የተጫረ መስቀል፣ ሌላዋ ላይ ጨረቃ። ባለቤቷ ዳቦ ገዝታ፣ ልጅ አጥባ ትመለሳለች፤ ቦታዋ ግን ከጠዋት ጀምሮ የእሷ ነው። ከፊቷ ያለችው ዘገየች ብሎ ቦታዋን የሚወስድ የለም።

መይሙና የእህቷን ድንጋይ ከተርታው መጨረሻ አስቀምጣ፣ ቀና ልትል ስትል እዚያው ጎንበስ እንዳለች ቀረች። የእሷ ፕሮግራሞች ውሃ ይዘው ነው ቦታ የሚፈልጉት። እዚህ ግን መጀመሪያ ቦታ ይያዛል፣ ከዚያ ይሞላል። ድንጋይ ማስቀመጥ ደግሞ አንድ ትንፋሽ ነው፤ በመካከሉ ማንም አይገባም። ማሽኑም እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ፣ ሊቋረጥ የማይችል ትእዛዝ ነበረው። በእሱ የመስመር ቁጥር ወስዶ፣ ቆጣሪውን ለሚቀጥለው ወደፊት መግፋት ይቻላል። ቁጥሩን ከወሰደ በኋላ ቢቋረጥም፣ የመጣው ሰው ቀጣዩን ቁጥር ይወስዳል እንጂ የእሱን አይነካም። ያልተሞላ ድንጋይ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱ ገና አልተመለሰም ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ ምልክቱ ካለ ደግሞ ማን እንዳልተመለሰ ይታወቃል።

«ጀርመን ወገብ አይሠሩም እንዴ?» አለቻት የቦኖዋ ጠባቂ እትዬ አዳነች። «ቀና በይ እንጂ።»

ቀና ብላ ሄደች። ጀሪካኑን የሞላላት ሰው ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ዱካ መዝገቡ ሠራ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ምልክት የሚሆን ቁጥር ሰጠችው። እንግዳው ብቻ፣ ኃላፊው እንዳዘዘው፣ ቁጥርም ድንጋይም አልነበረውም። ከዚያ ኃይለየሱስን ለምና፣ የሚኤሶን ገመድ ለአንድ ሰዓት እንዲሰካ አስፈቀደች። በሚኤሶ ጋሽ ጂብሪልን የተካው ዓሊዩ ጋሽ ጂብሪል ጽፈው የተዉትን የሳምንቱን መልእክት በሙሉ ላከው። ማሽኑ ለስምንተኛ ጊዜ ሞተ።

ወረቀቱ ታተመ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ሚኤሶ፣ መልእክት ተቀበልኩ፣ ጨረስኩ።

ኃይለየሱስ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበውና ትከሻው ቀለለው። «ያው ነው። የራስሽ ምስክር ነው የመሰከረው። ከፋይሉ ጋር ይያያዝ።»

መይሙና ፊቷ ጋለ። የሠራችው ነገር ጋሽ ጂብሪልን ነጻ ሊያወጣ ሲገባው፣ ገመድ ሆኖ አንገታቸው ላይ ሊገባ ነው። «ጨረስኩ ያለ ሰው እኮ መካከል ላይ የሞተ አይደለም» አለች። «የማሽኑ ሰዓት የቆመበትን ይመልከቱ። ከዚህ መስመር በኋላ ማሽኑ የሰከንድ አንድ አምስተኛ በሕይወት ነበር። ለማሽን ይህ ሙሉ ቀን ነው። በዚያ ቀን የተጻፈ ማንም የለም። ማን ነበር?»

«ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ» አላትና ገመዱን ነቅሎ ወጣ።

ማክሰኞ የቦኖ ተራ ደረሰ። ድንጋዮቹ ተሰልፈዋል። ውሃው መጥቶ ስድስት ሴት እንደ ቀዳች፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በርሜል በጋሪ ደረሰ። በርሜሉ ድንጋይ አላስቀመጠም፤ አስቀምጦም አያውቅ። ቀጥ ብሎ ቧንቧው ሥር ቆመ፤ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ሰማይ፣ ወደ መሬት፣ ወደ ጫማቸው ተመለከቱ። በርሜሉ ሞልቶ ሲሄድ ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቆመ። ወዲያው ሁለት ሴቶች ተያያዙ፤ ባለ ቀይ ቀለሟ ባለ ጨረቃዋን፣ አንቺ ነሽ አብዝተሽ የቀዳሽው፣ ያንቺ ድንጋይ ከኔ ኋላ ነበር ትላታለች።

እትዬ አዳነች ቁልፏን እያንጠለጠለች በመካከላቸው ገባች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ምን ያጣላችኋል? ውሃውን የጨረሰው ድንጋይ ያላስቀመጠው ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። መይሙና ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ቆማ፣ ፍርሃቷ በእልህ ሲተካ ተሰማት። መዝገቤ የጋራ ነው ስትል ከርማለች። አንዱን ትልቅ ሰው አስቀርታ ሠርታው የምን የጋራ!

ጀሪካኑን ረዲያ ደጅ ጥላው በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ሄደች። እንግዳው ታሽጎ የመጣ ፕሮግራም ስለሆነ ውስጡን ልትነካው አትችልም። ግን የትኛውም ፕሮግራም መልእክት ለማግኘት፣ ቦታ ለመጠየቅ፣ ዲስክ ላይ ለመጻፍ በአስኳሉ በር ማለፍ አለበት፤ የበሩ ባለቤት ደግሞ እሷ ናት። ዱካውን ከፕሮግራሞቹ አንሥታ በሩ ላይ አደረገችው። ከእንግዲህ ማንም በገባ ቁጥር በፈቃዱ ባይሆንም ድንጋዩ ይቀመጥለታል፤ ሲወጣ ይሞላል። እንግዳው ዘጠኝ ቁጥር ደረሰው።

ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚኤሶን ገመድ ያለ ፈቃድ ሰካች። አስቀድማ ጋሽ ጂብሪልን ወደ ሚኤሶ ልካቸው ነበር። «የታገድኩ ሰው ነኝ፣ ቴሌፕሪንተሩን ብነካ ሌላ ወንጀል ነው» ሲሏት፣ ወረቀት አውጥታ፣ «መልእክቱን እንዲልኩ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» ብላ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ቀን ጽፋበት ሰጠቻቸው።

ጋሽ ጂብሪል ላኩ። ከሰላምታው ጀምረው፣ ሳያሳጥሩ፣ ቀበሌ በቀበሌ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ላኩ። ማሽኑ ለዘጠነኛ ጊዜ ድርቅ አለ። መይሙና አስነሥታ አተመችው። ሚኤሶ ገብቷል፣ ጨርሷል፣ ወጥቷል። ከእሱ ቀጥሎ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ቁጥሩ ተይዟል፣ ምልክቱ ዘጠኝ ነው፣ የቀረው ባዶ ነው። ድንጋዩን አስቀምጦ ገብቶ፣ ሳይመለስ የቀረ።

የተቀረው ቀላል ነበር። እንግዳው መልእክት የሚቀዳበትን ቦታ የሠሩለት ሰዎች፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ወሬ አጭር ነው ብለው ገምተዋል። ለሂርና ሁለት መስመር ይበቃል። ሚኤሶ ዝናብ ቀርቶበት መልእክቱ ሲረዝም ግን ቦታው ሞልቶ ይፈሳል፤ የሚፈሰውም በአስኳሉ ላይ ነው። መይሙና ወረቀቱን ይዛ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለማሽኑ አይደለም። ሰው ችግሩን አስረዝሞ ስለ ተናገረ አሻጥረኛ ተብሏል፤ ይህ ነው ያስለቀሳት።

ሐሙስ ጠዋት ኃይለየሱስ ወረቀቱን ኮሪደር ላይ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ። «የመጨረሻዋን መስመር ቁረጫት» አላት። «መይሙና፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። አንድ መስመር ናት፤ በመቀስ ትወጣለች።»

«ጋሽ ጂብሪልም የልጆች አባት ናቸው።»

«ምናልባት ከደረጃቸው ዝቅ ይሉ ይሆናል እንጂ አይታሰሩም። እኔ እነግርላቸዋለሁ።»

«ከደረጃ ዝቅ የሚል ካለ ያጠፋው ዝቅ ይበል» ብላው ገባች።

አጣሪ ኮሚቴው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ጓድ ጎበዜ፣ ከአስተዳደሩ የመጡ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ጥግ ላይ ሙሉ የምትባለው የማዕከሉ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ የቃለ ጉባኤው መዝገብ ገጹ ሁሉ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወፍራም ደብተር ነው። ጋሽ ጂብሪል በር አጠገብ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

መይሙና ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች። መጀመሪያ የራሷን ተናገረች፤ «በሰኞው መዝገብ አንዱን ፕሮግራም ሆን ብዬ አስቀርቼ ነበር። ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ ይጻፍልኝ።» ቀጥላ መስመር በመስመር ሄደች፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዘጠኝ ቁጥር የማን ነው?» አሉ ጓድ ጎበዜ።

«በዝርዝራችን ዘጠኝ ቁጥር የለም» አለ ኃይለየሱስ ቸኩሎ።

«አለ» አለች መይሙና። «ኅዳር ላይ ሁለት ሰዎች በላንድክሩዘር አምጥተው ያስገቡት ነው። የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ይቀዳል። የሚቀዳበት ዕቃ ትንሽ ነው፤ ሚኤሶ የሚናገረው ብዙ ነው። ማሽኑን ዘጠኝ ጊዜ የገደለው እሱ ነው። ጋሽ ጂብሪል አይደሉም።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ቦኖ ላይ እንዳሉት ሴቶች፣ ወደ ጫማው ተመለከተ። የጸሐፊዋ የሙሉ እስክሪብቶ ቆመ።

ጓድ ጎበዜ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደከማቸው እንጂ። «ስሚ ልጄ። ጂብሪል ዛሬውኑ ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ነው እንበል። አንቺም ይህን መዝገብሽን አጥፊው። ሁላችንም በሰላም ወደ ቤታችን እንሂድ።»

መይሙና ወደ በሩ ዞራ ጋሽ ጂብሪልን አየቻቸው። እሺ በይ ቢሏት ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። እሳቸው ኮፍያቸውን አደረጉ። «ያልታወቀ ከተባለ» አሉ፣ «ማሽኑ ለአሥረኛ ጊዜ ሲሞት ደግሞ እኔኑ ልትጠሩ ነው። ምክንያቱን ጻፉት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ወሬ ሳላጎድል አድርሻለሁ፤ የኔ ወሬ ብቻ ለምን ይጎድላል?»

«ያልታወቀ አይደለም» አለች መይሙና። «ታውቋል። መዝገቡንም አላጠፋም። ማጥፋት የሚችል ካለ ያጥፋው።»

ማንም እንደማይችል ታውቃለች። አስኳሉን ከእሷ በቀር የሚያነብ ሰው አሰበ ተፈሪ ውስጥ አልነበረም።

ጓድ ጎበዜ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ ውሳኔውን በአጭሩ ተናገሩ። ጂብሪል ነጻ ናቸው፣ ወደ ሥራቸው ይመለሱ። የሚኤሶ መስመር ይቀጠል። ስለ ብልሽቱ የተባለው በቃለ ጉባኤ አይያዝም፤ ወረቀቱም ከእሳቸው ጋር ይሄዳል። መይሙና ከሰኞ ጀምሮ ገለምሶ ተመድባለች፤ መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ለመመዝገብ። ወረቀቱን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ከሰዓት በኋላ የሚኤሶን ገመድ የሰካው ኃይለየሱስ ራሱ ነው። ማንም ሳያዘው፣ ዓይኗን ሳያይ ሰካው። መይሙና ጋሽ ጂብሪል ከሚኤሶ እስኪልኩ ድረስ የመጨረሻ ሥራዋን ሠርታ ነበር፤ አስኳሉ ለዘጠኝ ቁጥር ዕቃው ከሚይዘው በላይ አንዲት ፊደል እንዳይሰጠው አዘዘችው።

መልእክቱ መጣ። ወረቀቱ ከማተሚያው ወጥቶ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ምንጣፉ ላይ ተጠቀለለ። ማሽኑ ንቅንቅ አላለም።

«አሁን እንግዳው ምን ይደርሰዋል?» አለ ኃይለየሱስ ቀስ ብሎ።

«የጋሽ ጂብሪል ሰላምታ» አለች። «እሱ ብቻ ነው የሚገባለት። ከእንግዲህ ከሚኤሶ የሚሰማው ደኅና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹ ደኅና፣ ጎረቤቱ ደኅና ነው።»

ኃይለየሱስ ሊስቅ ነበር፤ አልደፈረም። «ያ ባዶ መስመር ግን ከመዝገቡ ይጠፋል አይደል? ይዞራል ብለሽኛል።»

ይጠፋል። ራሷ ነች እንዲዞር አድርጋ የሠራችው፤ ማሽኑ በሠራ ቁጥር የድሮው ይደመሰሳል። አሁን እያዩት ሳለ ጠፍቶ ይሆናል። ወረቀቱም በጓድ ጎበዜ ኪስ ሄዷል። ይህ ነበር ያንገበገባት፤ ገለምሶም ጆንያውም አይደለም። ከሰኞ በኋላ ማንም ቢጠይቅ፣ እዚህ ቤት እንዲህ የሚባል ነገር ተደርጎ አያውቅም ሊባል ነው።

ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ ጸሐፊዋ ሙሉ በር ላይ ጠበቀቻት። የቃለ ጉባኤውን ደብተር በክንዷ አቅፋ ነበር። ግራ ቀኝ አየችና ከፈተችው። ተራ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተሞልተዋል፤ የተገኙ አባላት፣ የቀረበው ክስ፣ የተሰማው ቃል። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ በጸሐፊዋ ጥርት ያለ እጅ «የብልሽቱ ምክንያት፤ ቃል የሰጠችው መይሙና» ተብሎ ተጽፎ ሁለት ነጥብ ተደርጎበታል። ከሥሩ አራት መስመር ባዶ ነው። ስምንት ከዚያ በታች ይቀጥላል። ገጹ ታችም ማኅተሙና የጓድ ጎበዜ ፊርማ አለ።

«ሳያነቡት ፈረሙ» አለች ሙሉ። «አትጻፊ ያሉኝን አልጻፍኩም። ገጹም ቁጥር ስላለው ቢቀደድ ይታወቃል።»

መይሙና ጣቷን ባዶዎቹ መስመሮች ላይ አስቀመጠች። ወረቀቱ ገና የማኅተሙ ቀለም ይሸት ነበር።

«እኔም ቦኖ ነው የምቀዳው» አለች ሙሉ ደብተሩን እየዘጋች። «ድንጋይሽ እዚህ ነው። ተመልሰሽ ትሞዪዋለሽ።»